ለሽኝት የቀረችው ውጅግራ

በአዲስ ዓመት ዋዜማ የጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ልጆች ርችት ሲተኩሱ ጆሮዬን ቢያመኝ መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁ። የባሩዱ ሽታ ቀድሞኝ ገባና እጄን ያዘኝ። ያ ሽታ የአያቴ የአባባ ደገፋ ሽታ ነው። ልጅ እያለሁ ፉሪ ተራራ ሥር ከእሳቸው ጋር ነው ያደግሁት፤ ያኔ እዚያ ድንች እንጂ ፎቅ አይበቅልም ነበር።

አባባ ሦስት ጠመንጃ ነበራቸው። ምንሽሩ የከርከሮና የጅብ ነው። አጭሩ አልቤን ደግሞ የመንገድ ነው፤ በሬ ሊሸጡ ገበያ ሲወርዱ ከጋቢያቸው ሥር ይይዙታል። ሦስተኛዋ አሮጌ ውጅግራ ናት። ቁመቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር፣ የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፣ ስትተኮስ ተኳሹ በጢስ ይጠፋል። እሷ የለቅሶ ነበረች። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ሲቀበር ወዳጁ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ወደ ሰማይ ይተኩስለታል። ያልተተኮሰለት ሽማግሌ ማንም በር ድረስ ሳይሸኘው እንደወጣ እንግዳ ይቆጠር ነበር።

አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው ሦስት ጠመንጃ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋቸው። “አያትሽ በወተት ዕቃዋ ጠላ ስትጠምቅ አይተሻል?” አሉኝ። አላየሁም። ነገሩ ለእኔ በዚሁ አለቀ።

ለደርግ ግን አላለቀም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ መጣ፤ አንድ ቤት አንድ ጠመንጃ ብቻ ያስመዘግባል፣ የተረፈውን ያስረክባል፣ የደበቀ ይታሰራል። ሴት አያቴ እማማ ጫልቱ ነገሩን ወዲያው ጨረሱት፤ ምንሽሩ ይቀራል፣ ያለ እሱ ድንቹን ከርከሮ ይጨርሰዋል። ያን ሰሞን ግን የአባባ ደገፋ የልብ ወዳጅ አባባ ሁንዴ በጠና ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ሁለቱ በጎረምሳነታቸው ቃል ተገባብተዋል፤ የቀረው የሄደውን ተኩሶ ሊሸኝ።

በማስረከቢያው ቀን አባባ ምንሽሩንና አልቤኑን በትከሻቸው አንግተው ሄዱ። ሲመለሱ እማማ ጫልቱ ቀብር ላይ የደረሱ ያህል ጮኹ። “ድንቹን ማን ሊጠብቅልን ነው? ሬሳ?”

በማግስቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ለሚ ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ እኛ ቤት ወተት ጠጥቶ ያደገ። ግን ጤነኛ ሰው ደኅናውን ጠመንጃ ሰጥቶ አሮጌውን ያስቀራል ብሎ ማመን አቃተው፤ ሌላ የተደበቀ መኖር አለበት። ጎተራውን አዩ፣ የሣር ክምሩን በዘንግ ወጉ፣ የበረቱን ፍግ ሳይቀር ገለበጡ። አባባን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ጋቢያቸውን ጨብጬ አልለቅም አልኩ። የተገኘው አንድ የተሰበረ ዶማ ነበር።

“እንግዲያው ለምን እቺን?” አለ ለሚ።

“ከርከሮን ጣሳ እየደበደብኩም አባርረዋለሁ፤ ሌባንም ብጮህ ሰው ይደርስልኛል” አሉ አባባ። “ሰው ግን በጣሳ አይሸኝም። የአባትህን ቀብር ረሳኸው እንዴ፣ ለሚ?”

የለሚን አባት የሸኘችው ያቺው ውጅግራ ነበረች። ለሚ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። “መዝግበንልዎታል፣ አባባ” ብሎ ወጣ፤ የተበተነውን ሣርም ጥበቃዎቹን አስከምሮ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት በልጅነቴ ከሁሉ የምወደው ነው። አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ማሳችን ዳር ተሰብስበን ጣሳ እንደበድባለን፣ እንጮኻለን፣ ከርከሮው ሲሸሽ በሳቅ እንወድቃለን። እማማ ጫልቱ እየተነጫነጩ ድንች በፍም ጠብሰው ያበሉናል። እርጥብ አፈር፣ ትኩስ ድንች፣ የእናቶች ጥሪ ከየደጁ። አባባ ሁንዴም ድነው ተነሡ! ምርኩዛቸውን ይዘው እየመጡ፣ “ይኼ ሰውዬ ለእኔ ብሎ ምንሽሩን አስወሰደ፤ አሁን ባልሞት ሊቀየመኝ ነው” እያሉ ያስቁን ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ቀድመው የሄዱት አባባ ደገፋ ሆኑ። በቀብራቸው ጠዋት ውጅግራዋን ከተሰቀለችበት ኩላብ ያወረዷት፣ በነጠላቸው የወለወሏት፣ ለአባባ ሁንዴ እጅ ያስረከቧት እማማ ጫልቱ ራሳቸው ናቸው። አባባ ሁንዴ መቃብሩ አጠገብ ቆመው ተኮሱ። ተራራው መለሰ። “ተራዬን ቀማኸኝ፣ ደገፋ” የሚል ድምፅ ከጢሱ ውስጥ ሰማሁ። አለቀስኩ፤ ግን አያቴ በደንብ እንደተሸኙ ልጅም ብሆን ገብቶኛል።

አሁን ማሳው ቦታ ታክሲ ይሰለፋል። ቀብሩም በሥርዓት ነው፤ ድንኳን አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ የሚቀርጽ አለ። ደግ ነው፣ አልከፋም። የተኩሱ ነገር ግን ቀርቷል፣ የሚያውቀውም እያነሰ ነው። በዚያ የርችት ማታ፣ መስኮቱ አጠገብ እንደቆምኩ፣ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ መጣችና፣ “እማዬ፣ ዝጊው እንጂ፣ ይሸታል” አለችኝ።

“ትንሽ ይቆይ” አልኳት። “ሰው እየሸኘሁ ነው።”