ሲስተም የለም ያልኩበት ቀን

ግራ እጄ አንጓው ላይ እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፍም። የሰበሩት ከጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ የመጡ አንድ አባት ናቸው፤ ጥፋቱ ግን ከእኔ ነው የጀመረው።

ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትዎርክ ባለሙያ ነኝ። ኮምፒውተሮቻችን አንድን አድራሻ በስሙ ሲጠሩ ቁጥሩን ፈልጎ የሚሰጣቸው የሊኑክስ ሰርቨር አለን። ይህን የሚሠራው ሶፍትዌር አርጅቶ ለሰርጎ ገብ የተጋለጠ ስለሆነ ወደ አዲሱ እትም እንዳሳድገው ታዘዝኩ። ከመጫኔ በፊት የማዋቀሪያ ፋይሉን መፈተሽ ነበረብኝ። በአንድ ትዕዛዝ የሚያልቅ ነገር ነው። ቸኮልኩና ዘለልኩት። አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ስጭን አልነሳም አለኝ። ወዲያው በየቢሮው ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ መድረሻቸው ጠፋባቸው።

ሰውየው ከጠዋት ጀምረው ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ጋ ቆመዋል። ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች ልጃቸው ሞታባቸው፣ አስከሬኗ እንዲመጣ አባትነታቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ፈልገው ነው። ደብዳቤው የሚወጣው ከሲስተሙ ነው፤ በዕለቱ ካልተላከ እዚያው ትቀበራለች ተብለዋል። ከጽጽቃ ከተማ ማዶ ካለች መንደራቸው ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ነው የመጡት።

የመስኮቷ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ መለሰቻቸው። በመጨረሻ እኔ ወጣሁና፣ «አባቴ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አልኳቸው። ያበላሸሁት እኔ መሆኔን አልተናገርኩም።

«የልጄ ሬሳ ግን አለ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ ዱላቸው ተነሳ። ጭንቅላቴን ስከልል አንጓዬ ላይ አረፈ፤ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ትከሻዬን፣ ሦስተኛው የመስኮቱን መስታወት አገኘ። የመሥሪያ ቤታችን ሁለት ዘበኞች ሮጠው ደረሱ። አንደኛው በጠመንጃው ሰደፍ አፋቸውን ሲላቸው ወደቁ፤ ከወደቁም በኋላ ሁለቱም ረገጧቸው። ወለሉ ላይ ደም ከነጥርሱ ተፉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በኽምጣንጋ፣ እያወሩ የልጃቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ተዉ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ለጥቂት ምት ያህል ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጮኼ ያስቆምኳቸው።

ፖሊስ ወሰዳቸው። ባልደረቦቼ እኔን ሐኪም ቤት ለማድረስ ባጃጅ ሲጠሩ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ። የተሰበረውን እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በአንድ እጄ የዘለልኩትን ትዕዛዝ ጻፍኩ። ትዕዛዙ ፋይሉ ውስጥ ያለችውን፣ አዲሱ እትም የማያውቃትን አንዲት አሮጌ መስመር አሳየኝ። ሰረዝኳት፤ አስነሳሁት፤ ተነሳ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ከስብራቱ በላይ አመመኝ።

የመስኮቷ ሠራተኛ ደብዳቤውን አትማ አብራኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። አባትየው ደብዳቤው ላይ ለመፈረም አውራ ጣታቸውን ቀለም ሊያስነኩ ሲሉ እጃቸው በደም ስለተለወሰ መጀመሪያ በነጠላዋ ጠረገችላቸው። ደብዳቤው በዕለቱ ተላከ። እኔም ለመርማሪው ሲስተሙን ያቆምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ክስ እንደማልፈልግ፣ ዘበኞቹም ሰውየውን ከወደቁ በኋላ እንደመቷቸው ቃሌን ሰጠሁ። ባለሰደፉ ዘበኛ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

አባትየው ተፈቱ፤ አስከሬኑም ከሳምንታት በኋላ መጣ። ቀብሩ ላይ ስደርስ ዘመዶቻቸው ማንነቴን ሲያውቁ ተንጫጩ፤ አንዱ ጎረምሳማ ድንጋይ አነሳ። አባትየው በእጃቸው ምልክት አስጣሉትና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው አንድ ነገር አሉኝ። የፊት ጥርሶቻቸው ስለረገፉ በደንብ አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ ለማለትም አፈርኩ።