እስከ ትከሻ የተቀባው ግድግዳ

በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ የሠራሁባቸው ቢሮዎች ሁሉ ግድግዳቸው ከወለሉ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ የሚያብረቀርቅ ግራጫ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ የተቀባ ነበር። የሥርዓት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ጡረታ ስወጣ ቆላው ውስጥ ሲቀላ በተባለው ሰፈር ያለውን የጭቃ ቤታችንን ውስጡን በሙሉ በሲሚንቶ አስለስኜ ልክ እንደ ቢሮዬ አስቀባሁት። ሁለቱን ቀለሞች የሚለየውን መስመር በውሃ ልክ ያሰመርሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ባለቤቴ የመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አየችና፣ «እኔስ ጠዋት ጠዋት የምፈርምበት መዝገብ የታለ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ኮራሁም።

የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ሲያልፍ ከአልጋው ራስጌ ያለው ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ስነካው ፈነዳ፤ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ታየ። በበረኪና አጠብሁት፣ ፋቅሁት፤ ቤት ሁሉ ለመስቀል ሲታደስ እኔም በላዩ ቀባሁበት። በዓመቱም እንዲሁ አደረግሁ፤ በሦስተኛውም። የወባ ትንኝ እንዳይገባ ብዬ ደግሞ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መስኮቶቹን እዘጋ ነበር። ሻጋታው ወደ ቁም ሳጥኑ ተሻገረ፤ ለስብሰባ እለብሰው የነበረው ሙሉ ልብሴ ትከሻው ላይ አረንጓዴ አቧራ አበቀለ። ባለቤቴም መሳል ጀመረች።

ጤና ጣቢያ የመረመረቻት ባለሙያ፣ «የምትተኙበት ክፍል እርጥበት አለው?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፦ «ቤታችን ንጹሕ ነው፤ በየዓመቱ ይቀባል።» ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። መድኃኒቱን ይዘን ወደዚያው ክፍል ተመለስን። ያንን መልስ እስከ ዛሬ ልሽረው አልቻልሁም።

ትንፋሽ እያጠራት ተቀምጣ መተኛት ስትጀምር ግንበኛ ጠራሁ። ካቻቢቴውን ልስኑ ላይ ቢወጋው እስከ እጀታው ገባ፤ ሲያወጣው እንደ ሊጥ የራሰ ጭቃ ተከትሎት ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቤት ጭቃ ነው እኮ። ከመሬት ውሃ ይስባል፣ ያልበዋል። ድሮ ላቡን ነፋስ ያደርቅለት ነበር፤ እርስዎ ላስቲክ አለበሱት።»

«ቀለሙን ብንፍቀውስ?»

«እንጨቱም በስብሷል። ከዚህ ቤት ያልተበላሸችው ይቺ ያሰመሯት መስመር ብቻ ናት።»

ግድግዳው ፈርሶ ከመሠራት በቀር ሌላ መፍትሔ እንደሌለው፣ የቀሩት ክፍሎችም ያው እንደሆኑ አስረዳኝ። ለዚያ ዕድሜውም አቅሙም አልነበረኝም።

ባለቤቴን ደጋው ላይ ወዳለችው ገረሴ ወስጄ እህቷ ዘንድ አደረስኋት። «እስኪደርቅ ድረስ ነው» ተባባልን። የደጋው ብርድ ደረቷን ይጎዳዋል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ የእህቷ ቤት የቀርከሃ ነውና ነፋስ በየቀዳዳው ይገባል። በሳምንቱ ጋደም ብላ መተኛት መጀመሯን እህቷ ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝሁ ግራጫው ግድግዳ ሥር ብዙ ተቀመጥሁ።

እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ሁልጊዜ የምታስቀድመው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ደረቀ?» እኔም «እየሞከርሁ ነው» እላት ነበር።

አሁን መስቀል ደርሷል፤ ጎረቤቶቼ ቤታቸውን እየቀቡ ነው። ባለፈው እሑድ ደግሞ፣ «ለመስቀል ልምጣ?» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያልተፈጸመን ሥራ ተፈጽሟል ብዬ ሪፖርት ጽፌ አላውቅም። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

«አልደረቀም» አልኋት። «አይደርቅምም።»

«እንግዲያው አንተ ና።»

«ቤቱን ለማን ትቼ?»

«ለሻጋታው ነዋ! ድሮም የሠራኸው ለእሱ ነው» ብላ ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር። እንደ ልማዴ መጨረሻው ላይ ሳሉን ጠበቅሁ፤ አልመጣም።