ከመስታወቱ ሥር የተደፋው ባርኔጣ

ቬርና በኦሃዮ የጥንት መኪኖች ትርዒት ላይ ሃያ ዓመት ስትመዘግብ፣ በሐምሌ ፀሐይ ባርኔጣውን አውልቆ ለመኪናው የሚያለብስ ሰው አይታ አታውቅም። ይህ ሰውዬ ግን ባርኔጣውን ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የመለያ ቁጥሩ ያለበት ብረት ላይ ደፍቶታል። ቁጥሩን ስትጠይቀው፣ ብረቱን ሳያይ እንደ ዳዊት በቃሉ ወረደላት።

ቁመቱ አጭር ነው። ይዟት የመጣው ቀይ መኪና ወንበር ግን ለረጅም ሰው ወደ ኋላ የተገፋ ነበርና፣ ከጀርባው ሁለት ትራስ ደራርቦ ፍሬኑን በእግር ጣቶቹ ጫፍ እየነካ ነበር የገባው።

የትርዒቱ ዳኛ ሃርላን የእጅ መስታወትና ባትሪ ይዞ፣ መኪኖቹን ከሥር እያየ ቀረበ።

«ወዳጄ፣ መላጣህ ቲማቲም መሰለ እኮ! ባርኔጣህን አድርግ እንጂ!»

ሰውዬው ሳቀ፤ ከንፈሩ ግን ደርቋል። ወደ ቬርና ጠጋ አለ።

«እሜቴ፣ ዳኞቹ ቀለሟን ብቻ የሚያዩ መስሎኝ ነበር የተመዘገብኩት። ብረቱ ላይ ያለው ቁጥርና አካሏ ላይ የተቀረጸው ባይገጥሙስ?»

«የተሰረቀች ልትሆን ትችላለች ተብሎ ፖሊስ ይወስዳታል።»

«ልጄ ነው ከሁለት ስብርባሪ መኪኖች አንድ ያደረጋት። ከማን እንደገዛቸው ሳልጠይቀው ሞተ። ዘንድሮ ራሴ ነድቼ እዚህ አመጣታለሁ ይል ነበር።»

ሃርላን አጠገባቸው የቆመውን መኪና አይቶ ጨርሶ የእጅ መስታወቱን በሱሪው ወለወለ።

«ሲወስዷት» አለ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንበሩን ከቦታው ያንቀሳቅሱታል?»