ለአባባ ቀማሽ ነኝ ያልኩት

ስደት ሲወራ ሁሉም በጨለማ እንደወጣ ነው የሚተረከው። እኔ ግን ከድሬ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ተቀምጧል። ጥሎ ለመሄድ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ማንም "ወዴት ነው?" ብሎ አይጠይቅህም።

አባባ ብቻ ጠየቀኝ። ከዚራ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሽርጡን እንዳገለደመ ጋደም ብሎ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በባቡሩ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ፈረንሳዮቹ አለቆች ስለነበሩበት ሲቆጣም ሲደሰትም በፈረንሳይኛ ነው። አባቴን "አንተ" ማለቴ አይግረማችሁ፤ የድሬ ልጅ አባቱን አንተ ቢል የሚቆጣ የለም።

"ወዴት ነው በዚህ ሐሩር?"

"ሁርሶ። ሥልጠና የገባ ጓደኛዬን ልጠይቅ።"

"ለእሑድ ቅዳሴ ድረስ እንጂ" አለኝና ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጣለ።

እህቴ ሰናይት ጉምሩክ ቢሮ ሥራ ላይ ነበረች። እሷን ሳልሰናበት ወጣሁ። እስክመለስ አሥራ አንድ ዓመት እንደሚሆን ባውቅ ኖሮ ቢያንስ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጌ የአባባን ፊት አይ ነበር።

ስለ መተማ፣ ስለ ካርቱም፣ ስለ ሊቢያ መጋዘን ብዙ የተናገሩ አሉ። የቀመሳችሁት ታውቁታላችሁ፣ ያልቀመሳችሁት አይድረስባችሁ። እኔ ሰባት ወር ተቆልፎብኛል፤ ከባሕሩ ወጥቼ ጣሊያን ስገባ አርባ ስድስት ኪሎ ነበርኩ። ከዚያ በባቡር ወንበር ሥር ተደብቄ ፈረንሳይ። የባቡር መካኒክ ልጅ በባቡር ወንበር ሥር! አባባ ቢሰማ ይስቅ ነበር ወይስ ያለቅስ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያረፍኩበት መንደር በደቡብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ወይን። ሰዉ መልካም ነው፣ "ቦንዡር" ይላል፣ ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ድሬ ሰላምታ ብቻውን አንድ ሻይ ይፈጃል፤ እዚያ "ደህና ነህ?" ብለውህ መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ግን እንደ እንግዳ ናት፣ ኮቷን ሳታወልቅ ትሄዳለች። ቤት ያከራየችኝ ማዳም ክፍሉን ስታሳየኝ፣

"ማሞቂያ አለው?" አልኳት።

"አለው። በጣም ጥሩ ማሞቂያ ነው። ክረምት ላይ ብቻ ነው የማይሠራው።"

ሥራዬ ወይን ለቀማ ሆነ፤ እነሱ "ቫንዳንዥ" ይሉታል። መቀሱን ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብዬ መቁረጥ፣ ለቀማው ሲያልቅ ደግሞ በርሜልና ጋን ማጠብ። ወገቤ የሽማግሌ ወገብ ሆነ። አባባ በስልክ "ምንድን ነው የምትሠራው?" ሲለኝ፣

"ወይን ጠጅ የሚሠራበት ቤት ነው" አልኩት። ይህ ውሸት አይደለም።

"ጠማቂ ነህ?"

"አይ፣ ጠማቂ እንኳን..."

"ቀማሽ ነህ!" አለ። ድምፁ ተለወጠ፣ ወጣት ሆነ። "የድሮ አለቃችን አጎቱ ቀማሽ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ ምላሱን እንደ ዓይኑ ነው የሚጠብቀው ይለን ነበር። ቀማሽ ነህ አይደል?"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? "አዎ" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ በደወልኩ ቁጥር "ዛሬ ስንት ቀመስክ?" ነው። "እንዳትሰክር" ሲለኝ "አንውጠውም እኮ፣ እንተፋዋለን" አልኩት። በሳቅ ሞተ። "ወይን ይተፋል? ኧረ በመድኃኔዓለም!" ይህቺን ይዞ ከዚራን ዞረ፣ ለገሃርን ዞረ። እኔም ውሸቱን መመገብ ያዝኩ። ስለ ቀለም፣ ስለ ሽታ፣ ቱሪስት ሲያወራ የሰማሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ። እሱ ሲደሰት እኔም ለአሥር ደቂቃ ቀማሽ እሆናለሁ።

በስድስተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ሰናይት ደወለች።

"ብሩኬ፣ አባባ ጉበቱ ነው አሉ። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሎኛል። ና።"

የጥገኝነት ማመልከቻዬ ገና እየታየ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት የሚሰጥበት ቢሮ ሄጄ አራት ሰዓት ተሰለፍኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት በጣም ትሑት ነበረች።

"አባቴ ሊሞት ነው። አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ" አልኳት።

"በእርግጥ ሙሲዬ። መሄድ ይችላሉ። ማንም አይከለክልዎትም።"

"መመለስስ?"

"እሱ ሌላ መስኮት ነው።"

"የትኛው ነው?"

ዞር ብላ አየች። "እሱ መስኮት ተዘግቷል" አለችኝ።

ላሳጥረው፦ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ባሕሩን ሁለተኛ መሻገር ፈራሁ። ይህን ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። ለሰናይት ደግሞ ይህን አልነገርኳትም። "የለቀማ ወቅት ነው፣ አለቃዬ ያለ እኔ አይሆንለትም" አልኳት። ለምን? እኔንጃ። አንዱን ውሸት ብነካ ሁሉም የሚናድ መሰለኝ።

"ያለ አንተ አይሆንለትም" አለች ቀስ ብላ። ስልኩን ዘጋችው።

አባባ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ሰልስቱን ወይን ስለቅም ዋልኩ።

የመኖሪያ ወረቀቱ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው። ጥር ላይ ድሬ ገባሁ። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ያ የምናውቀው ሙቅ አየር ፊቴን ሲነካው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰናይት ግን እንደ ቢሮ እንግዳ ነው የተቀበለችኝ። ምግብ ታቀርባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዓይኔን አታይም። መቃብሩን ልሂድ ስላት "መንገዱን ታውቀዋለህ" አለችኝ። ብቻዬን ሄድኩ፤ ቆምኩ፣ አፌ አልከፈት አለኝ፣ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የልጅነት ጓደኛዬ ዮናስ መጣ። ከዚራ ውስጥ ዛፍ የሞላበት ግቢ ተከራይቶ ካፌ ከፍቷል።

"አቦ ብሩኬ፣ እግዜር ነው ያመጣህ! እሑድ የወይን ቅምሻ አለን፣ እዚያው ግቢው ውስጥ። ከዝዋይ በኩል የመጣ አለ፣ ሰዉም ቤቱ የጠመቀውን ይዞ ይመጣል። አንተ ዳኛ ነህ።"

"ዮናስ፣ ተወኝ።"

"ዋ! አባትህ ስንት ዓመት አውርቶልህ አሁን ልትኮራብን ነው?"

ሰናይት ከጓዳ ሆና፣ "ይሄዳል። ለወይን ጊዜ አጥቶ አያውቅም" አለች።

እሑድ ፀሐይ በረድ ሲል ሄድን፤ እሷም መጣች። ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ተደርድሯል፣ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ጠርሙሱ በበረዶ ባልዲ ውስጥ ቆሟል። ሰዉ ለብሶ መጥቷል። በሩ ላይ የሠፈራችን ባለ ሱቅ ሃዎ ሳምቡሳዋን ይዛ ተቀምጣለች።

"ዋርያ ብሩክ! እኔ ወይናችሁን አልነካም፣ ሐራም ነው። ሳምቡሳዬን ግን ትነካላችሁ፤ ወላሂ በባዶ ሆድ ብትጠጡ እዚሁ ነው የምትወድቁት።" እጄን ያዘች። "አባትህን አላህ ይማረው። ጠዋት ጠዋት ሱቄ ይመጣል። 'ሃዎ፣ ልጄ ትናንት ሃያ ዓይነት ቀመሰ' ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማሻአላህ እለዋለሁ።"

ሳምቡሳዋን ተቀብያት ገባሁ።

ዮናስ ማይክራፎኑን ይዞ "ከፈረንሳይ የመጣው የወይን ሊቅ!" ብሎ ጠራኝ። ተጨበጨበ። ሦስት ብርጭቆ ፊቴ ተቀመጠ፤ አንዱ የዝዋዩ፣ አንዱ ሳቢያን ሠፈር ግቢያቸው ካለው ወይን ባልና ሚስት የጠመቁት፣ ሦስተኛው ከከርከዴ አበባ የተሠራ። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊቴ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። ከኋላቸው የአባባ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ተክሉ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። ሰናይት ዛፉ ሥር ብርጭቆ ይዛ ቆማለች።

የሳቢያኑን ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ሌላ ምንም አልታወቀኝም። አሥር ዓመት ወይን ውስጥ ኖሬ ሌላ ምንም አልታወቀኝም።

"እሺ ሊቁ፣ ምን አገኘህበት?" አለ ዮናስ።

የቱሪስቶቹን ቃል አውቀዋለሁ። ማለት እችል ነበር። ሚስትየዋ ግን ልክ አባባ በስልክ ሲጠብቀኝ እንደነበረው ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቀኝ ሳይ፣

"እኔ ቀማሽ አይደለሁም" አልኩ።

ሳቁ። ትሕትና መሰላቸው።

"የምሬን ነው። ለቃሚ ነኝ። እናንተ የምትጠጡትን ጎንበስ ብዬ የምለቅም፣ ጋን የማጥብ። ቀምሼ አላውቅም።"

ዮናስ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገ። ጋሽ ተክሉ ወደ ፊት መጡ።

"ታዲያ አባትህ ሲታመም የቀረኸው ለምንድን ነው? አለቃው አልለቅም አለው አልተባለም እንዴ?"

"ወረቀት አልነበረኝም ጋሽ ተክሉ። ብወጣ መመለሻ የለኝም ነበር። ፈራሁ።"

ሰናይት የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። ሮጬ ደረስኩባት።

"ሰንዬ..."

"አትጥራኝ።"

"ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ አፍሬ ነው።"

ዞረች። ከመጣሁ ጀምሮ ያልሰጠችኝን ዓይኗን ያን ጊዜ ሰጠችኝ።

"እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላሁህ። አባቱን ለጠርሙስ ለወጠ እያልኩ። እሺ የእኔ ይቅር። እሱስ? በመጨረሻው ሳምንት በር ሲንኳኳ ቀና ይላል። 'ብሩክ ነው?' ይለኛል። 'አይደለም፣ ሥራ ይዞት ነው' እለዋለሁ። 'አዎ፣ ሥራው ትልቅ ነው' ይልና ወደ ግድግዳው ይዞራል። ቸግሮት ነው፣ መንገድ ዘግተውበት ነው ብዬ ነግሬው ቢሆን እኮ አይዞርም ነበር! ያለቅስልህ ነበር። ለአንተ እያለቀሰ፣ እየጸለየ ይሞት ነበር። ይህን ነው የከለከልከው።"

"ደስ እንዲለው ብዬ ነው።"

"ደስ ብሎት አልሞተም፣ ብሩክ።"

ባጃጅ አስቆመች። ልገባ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ባጃጁ በለገሃር በኩል ታጥፎ እስኪጠፋ አስፋልቱ ላይ ቆሜ አየሁት። ከኋላዬ ሙዚቃው እንደገና ጀመረ፤ ሰው ምን ያድርግ፣ ወይኑ ተቀድቷል።

የቀሩኝን ስድስት ቀናት በአንድ ቤት ሁለት ጎረቤት ሆነን አሳለፍናቸው። መቃብሩ ጋ አንድ ጊዜ ተመለስኩ፤ አሁንም መናገር አቃተኝ። ስሄድ አውሮፕላን ጣቢያ የሸኘኝ ዮናስ ነው።

ፈረንሳይ ከተመለስኩ በኋላ በየእሑዱ እደውል ነበር። አታነሳም። ባለፈው የካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወይኑ መሐል ቆሜ እንዲሁ ብሞክር አነሳች። ከኋላዋ የድሬ ጡሩምባ፣ የሰው ድምፅ፣ አንድ ሰው በሶማሊኛ ሲጣራ ይሰማኛል። ያንን ጫጫታ ብቻ እየሰማሁ ብቆይ ይበቃኝ ነበር።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለችኝ።

"የወይኑን ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ ነው። በክረምት ይቆረጣል።"

"ብርድ ነው?"

"መሬቱ አመዳይ ነው።"

"ጓንት አለህ?"

"አለኝ። ጣቱ ጋ ተቀዷል።"

 "መርፌና ክር ግዛና ስፋው" አለችኝ።

"እሺ።" ልትዘጋው እንደሆነ ገባኝ። "ሰንዬ፣ መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ለአባባ ንገሪልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ወረቀት አልነበረውም በይልኝ። ፈርቶ ነው በይልኝ።"

ከኋላዋ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ። 

"እኔ አልነግረውም" አለችኝ። "አንተው መጥተህ ንገረው።"

መቼ እንደምመጣ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት።