ኦቦ ሁሴኖና የጠፋ ሰው አንቀጽ

ኦቦ ሁሴኖን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ለዓመታት ወደ ዲክሲስ ስሳፈር “ግባ፣ ጠጋ በል፣ ሞልቷል” ከሚሉኝ በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ቤታቸው የት እንደሆነ አላውቅም፤ ስንት ልጆች እንዳሏቸውም አልጠየቅኳቸውም። ያወቅኳቸው በአንድ ስብሰባ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው። የሚያውቃቸው ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር።

ስብሰባው የተጠራው አሰላ ውስጥ ባለ የአንድ አውቶቡስ ማኅበር ተርሚናል ነው፤ የማኅበሩን ስም ልተወው። ማኅበሩ በተርሚናሉ በር ላይ ፊት የሚለይ ካሜራ አስተክሎ ነበር። ተጓዡ ቲኬት ሲቆርጥ ፎቶ ይነሳል፣ ስልኩን ያስመዘግባል፤ ሲገባ ካሜራው ፊቱን አይቶ በሩን ይከፍትለታል። በሰው ቲኬት መሳፈርና የሻንጣ ስርቆት ስለቀነሰ ሰዉ ወደደው፤ ስምም አወጣለት፣ “ኢጃ” አለው። በኦሮምኛ ዓይን ማለት ነው። “ኢጃ ፊት አትኮሳተር፣ የእንጀራ አባትህ መስለኸው ይመልስሃል” እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ኦቦ ሁሴኖ ዕድሜያቸውን በተራ አስከባሪነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ፊት አይረሱም ስለሚባል፣ ካሜራው ሲመጣ ከግቢው አንስተው ተቆጣጣሪ አድርገው ከስክሪኑ ኋላ አስቀመጧቸው።

ካሜራው መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው መመሪያ እንደሌለው የታሰበው። ፎቶውን ማን ያየዋል? እስከ መቼ ይቀመጣል? ለማን ይሰጣል? ይህን የሚያረቅ ኮሚቴ ተቋቋመ። የማኅበሩ የሕግ ባለሙያ ሰሎሜ ከአዳማ መጥታ ሰበሰበችን። ሁሩታ ተወልዶ ያደገው ሚፍታ የካሜራው ቴክኒሻን ነበር፤ ኦቦ ሁሴኖ ሠራተኛውን ወከሉ፣ እኔ ተጓዡን። እኔን ለምን እንደመረጡኝ ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት ስብሰባ ላይ ስለማልናገር ይሆናል።

አብዛኛው ነገር ሳያከራክር አለፈ። ኒቃብ የምትለብስ ሴት ፊቷን ለሴት ሠራተኛ ብቻ፣ በተለየ ክፍል ታሳያለች ተባለ። ካሜራ የማይፈልግ ሰው በመታወቂያው ይገባል ተባለ። ከዚያ ሰሎሜ ቀጣዩን አንቀጽ አነበበች፦ የጠፋን ሰው ለማፈላለግ የቅርብ ቤተሰብ ሲጠይቅ፣ ተቆጣጣሪው ሰውየው ወዴት እንደተሳፈረ ሊያሳይ ይችላል።

እኔ ደግ አንቀጽ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

“ይሄ ይውጣ” አሉ ኦቦ ሁሴኖ።

“የቱ?” አለች ሰሎሜ።

“የጠፋ ሰው የሚለው።”

ሚፍታ ሳቀ። “ኦቦ ሁሴኖ፣ ኢጃ ሳይመጣ እኮ ኢጃው እርስዎ ነበሩ! ‘ልጄን አይተሃል?’ ሲባሉ ‘የጢቾውን አውቶቡስ ይዞ ሄዷል’ ይሉ አልነበር? ማሽኑ ሥራዎን ስለቀማዎት ነው የከፋዎት።”

“ያኔ ‘አላየሁም’ ማለት እችል ነበር” አሉ። “ማሽኑ ‘አላየሁም’ አይልም።”

ሰሎሜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “አእምሮዋን የሳተች እናት ብትጠፋስ? ልጆቿን ‘አንነግራችሁም’ ልንል ነው? ምክንያትዎን ይንገሩን። ያለ ምክንያት አንቀጽ አላወጣም። ረቡዕ እናጸድቃለን።”

ኦቦ ሁሴኖ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ረቡዕ ተመልሰን ስንቀመጥ ሚፍታን በሩን ዝጋው አሉት። አማርኛው ሲከብዳቸው ወደ ኦሮምኛ እየሄዱ፣ ለሰሎሜ ብለው እየተመለሱ ነገሩን።

“አንዲት እናት ከዲክሲስ በኩል መጣች። ልጇ በሌሊት ከቤት ወጥታባታለች። ሲንቄዋን ይዛ ነው የቆመችብኝ።”

“ሲንቄ ምንድን ነው?” አለች ሰሎሜ።

የመለሰላት ሚፍታ ነው፤ አሁን አይስቅም። “ሴት ስታገባ እናቷ የምታስይዛት በትር ናት። ሲንቄ ይዛ የቆመችን ሴት አትገፋትም፣ ልመናዋንም አትመልስም። ነውር ነው።”

“‘ልጄ ገደል ገብታ እንደሆነ፣ በሕይወት እንዳለች እንደሆነ፣ እሱን ብቻ ንገረኝ’ አለችኝ” አሉ ኦቦ ሁሴኖ። “ልጅቷ ለምን እንደወጣች አልጠየቅኳትም። ሲንቄዋን ካየሁ በኋላ ምንም አልጠየቅኩም። ስክሪኑን አዞርኩላት። የልጅቷ ፊት፣ የአውቶቡሱ ቁጥር፣ አዳማ የሚል ወጣ። አውቶቡሱ ከግቢ ከወጣ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። እናትየው ስክሪኑን በመዳፏ እየዳሰሰች አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ። አላህ ዘንድ አጅር ያገኘሁ መሰለኝ።”

“ከዚያስ?”

“አጎቷ በር ላይ ነበር፤ አላየሁትም። እሱ አዳማ ደወለ። እዚያ ያሉ ዘመዶቿ አውቶቡሱን ጠብቀው አወረዷት። ለካ ለማትፈልገው ሰው ሊድሯት ሲሉ ነው የሸሸችው። መለሷት፤ ዳሯት።”

ውጭ ረዳቱ “ኢተያ! ኢተያ!” እያለ ይጣራል።

“እናትየው በኋላ መጣች” አሉ። “‘ያገኘኋት እኔ መስሎኝ ነበር፤ ያገኟት እነሱ ናቸው’ አለችኝ። ‘ሲንቄዋን ሳስይዛት ፊቷን አዞረችብኝ’ አለችኝ። አጎትየው ግን ምስጋና ላከብኝ። ‘ልጃችንን ያስገኘህልን አንተ ነህ’ ብሎ ሠርጉ ላይ ጠራኝ።”

ሰሎሜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ኦቦ ሁሴኖ፣ ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ ካሰፈርኩት ከስክሪኑ ያነሱዎታል፤ ምናልባትም ከሥራው” አለቻቸው።

“አስፍሪው።”

“ያኔ እኮ መመሪያ አልነበረም። ጥፋተኛ አይባሉም።”

“መመሪያ አልነበረም፤ ስልኳ ግን ነበር” አሉ። “እዚያው ፊቷ ሥር ተጽፏል። ደውዬ ‘እናትሽ እዚህ ቆማለች፣ ምን ልበላት?’ ማለት አያቅተኝም ነበር። እሷን መጠየቅ ትዝ አላለኝም፣ የኔ ልጅ። ለእናቷ አዘንኩ፣ ሲንቄውን አከበርኩ፣ እሷን ረሳኋት። ፊት አይረሳም የምትሉኝ እኔ።”

አንቀጹ ያን ቀን ከሥሩ ተለወጠ። መረጃው ለቤተሰብም፣ ለሽማግሌም፣ ማንንም ይዞ ለመጣ ሰው አይሰጥም። የጠፋ ሰው ሲፈለግ ተርሚናሉ መጀመሪያ ለራሱ ለተጓዡ ይደውላል፤ “ንገሩልኝ” ካለ ይነገርለታል፤ ካላለ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር አይነገርም። ሚፍታ “ሕፃን ቢሆንስ? ራሱን የማያውቅ ቢሆንስ?” ብሎ አጥብቆ ስለተከራከረ፣ ያ ለፖሊስ ብቻ ይነገር ተባለ። አራታችንም እጃችንን አወጣን። ኦቦ ሁሴኖ እጃቸውን ያወጡት ወደ መሬት እያዩ ነው።

ከሥራ አላባረሯቸውም። ከስክሪኑ አንስተው ወደ ግቢው መለሷቸው፤ አሁን እንደ ድሮው ተራ ያስከብራሉ። መመሪያው ታትሞ በሩ ላይ የተለጠፈ ሰሞን ወደ ዲክሲስ ልሄድ ስል አገኘኋቸው። ካፊያ ነበር። የገብስ ማዳበሪያ ጣራ ላይ የሚጭኑትን ልጆች “ሸራውን ሳብ! ገብሱ በቅሎ ይድረስ ወይ?” እያሉ ይቆጣሉ። ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው አልተገረሙም።

“ጻፍ” አሉኝ። “የልጅቷን ስም ግን ከኔ አትሰማም።”

“አልጠይቅዎትም” አልኳቸው። ደግ ነገር መናገር ፈልጌ፣ “አንቀጹ እኮ የእርስዎ ነው። ስንቷን ያድናል” አልኩ።

“ለእሷ ዘገየ።”

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ በሆዴ የያዝኩት ጥያቄ ነበረኝ፤ እዚያ ስብሰባ ላይ ማናችንም አልጠየቅነውም። እኔም ካሁን በኋላ ድፍረቱ እንደማይኖረኝ አውቅ ነበር።

“ኦቦ ሁሴኖ፣ ሠርጉን ሄደው ነበር?”

እርጥቡን ኮፍያቸውን አውልቀው አራገፉት፤ መልሰው አደረጉት።

“ሌላ ጠይቀኝ” አሉኝ።