ሎሪን ያሳለፈችው መኪና

መንገደኛ ከቢግሆርን ተራራ በጠመዝማዛው መንገድ ወርዶ ሜዳውን ሲረግጥ መጀመሪያ የሚያገኘው የሎሪንን ሞቴል ነው። ፎቅ የለውም፤ በሮቹ በሙሉ ወደ መንገዱ የዞሩ፣ በእያንዳንዱ በር ፊት አንድ አንድ መኪና የሚያስቆም ረጅም ቤት ነው። እዚህ የሚያርፍ ሰው አድሮ ለማለፍ አይመጣም። ሻንጣውን አንዴ ያራግፍና በየጠዋቱ አንድ የተራራ መንገድ መርጦ ይወጣል፤ በሌላ በኩል ይወርድና ማታ ወደዚያው አልጋው ይመለሳል። ሰኞ በሐይቆቹ በኩል፣ ማክሰኞ በጥዱ ጫካ፣ ልቡ ሲደፍር ደግሞ በገደሉ። የገደሉን መንገድ አብዛኛው ሰው ለመጨረሻ ቀን ነው የሚያስቀምጠው።

እንግዶቹ በብዛት የሜዳ ልጆች ናቸው፤ ከነብራስካ፣ ከካንሳስ፣ መንገድ ማለት ቀጥ ያለ ነገር ከሆነበት አገር የመጡ። የሜዳ ሰው ቁልቁለት ሲያይ እግሩን ፍሬን ላይ ተክሎ አያነሳም። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩም ቀረብ ብለው ሲያዩት ያስደንቃል። ሁለት ሺህ ኪሎ ብረት ከተራራ ጫፍ ሲወርድ ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ቦታ መግባት አለበት። ፍሬን ተረግጦ ከተያዘ፣ የሚገባው ከእጅ መዳፍ በማይበልጡ ጥቂት የፍሬን ሸራዎች ውስጥ ነው፤ ሙቀት ሆኖ። ሸራው ሲግል በመጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይጨሳል፣ በመጨረሻ መያዙን ይተዋል። እግር ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ከኋላ አንቆ ይይዘዋል፣ ፍሬኑም ያርፋል።

መጀመሪያ የሚሸት መሆኑ ደግሞ ለሎሪን እንጀራዋ ባይሆንም ስሟ ነበር። ማታ ማታ እንግዶቹ ሲመለሱ ከአንደኛው በር እስከ መጨረሻው እየሄደች በየመኪናው ጎማ ላይ ጎንበስ ትልና ታሸታለች። የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ የተቃጠለ ፀጉርም አይደለም፣ የተቃጠለ ላስቲክም አይደለም፤ በሁለቱ መሃል ነው። ከሌለ "አለፍክ" ትላለች። ካለ "ወደቅክ" ትልና ባለመኪናውን ወደ ቢሮዋ ታስገባዋለች። እዚያ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዋን ባንኮኒው ላይ አጋድማ፣ አንድ ጣሳ ቲማቲም ከላይ ትለቅበታለች። ጣሳው ተንደርድሮ ግድግዳውን ይመታል። ቀጥላ ጣሳውን በእርጥብ ፎጣ ትጠቀልልና ትለቀዋለች፤ እየጎተተ፣ እየለገመ ይወርዳል። "ፎጣው ማርሽ ነው" ትላለች። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ያየ የለም። ባሏ ክሊት በሩን ተደግፎ፣ ክፍሎቹን ትታ አፍንጫዋን ብታከራይ እንደሚያዋጣቸው ለእንግዶቹ ይነግር ነበር።

በየካቲት ወር ሁለቱም በአንድ ሳምንት ትኩሳት ያዛቸው። ክሊት ሞተ። ሎሪን ዳነች፤ ማሽተት ግን አልተመለሰላትም። ሐኪሙ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል አላት።

በቀብሩ ማግስት ጎረቤት በየትሪው ምግብ ይዞ መጣ። የቀረበላትን ሁሉ በላች፤ ሁሉም ለብ ያለና እርጥብ ነገር ነበር። አላለቀሰችም። ሰዎች ብርቱ ናት አሏት። ብርቱ አልነበረችም፤ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ሆና ነበር። እግሩ አለ፣ ቆንጥጠው ያዩታል፣ የራስ አይመስልም። የክሊት የሥራ ካፖርት ከቢሮው በር ጀርባ ማንጠልጠያው ላይ እንደነበረ ቀረ። አንድ ቀን ፊቷን ቀበረችበት፤ ያገኘችው ጨርቅ ብቻ ነው። ሽታው እዚያው አለ፣ የሌለሁት እኔ ነኝ ብላ ተወችው።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት እንግዶቹ መጡ። በመጀመሪያው ማታ ከየመኪናቸው ወርደው በሮቻቸው ላይ ቆመው ጠበቋት፤ እንደ ወትሮው እየሳቁ። እሷም ወጣች። ጎንበስ አለችና ቀና ብላ "አለፍክ" አለች። ቀለላት። በማግስቱም ደገመችው። ከዚያ በኋላ የወደቀ ሰው የለም፤ የመተኮሻው ጠረጴዛም በዚያ ዓመት ከጓዳ አልወጣም። ለማንም አልነገረችም። አንድ ቀን ካሳለፈቻቸው አንዱ ገደሉ ላይ እግሩ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማውም፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የምታውቀው ግን በሌላ አገር ስለሚዘንብ ዝናብ እንደሚታወቀው ነው። አላስፈራትም።

በነሐሴ ድዋይትና አርሊስ መጡ። ድዋይት በነብራስካ የእህል ዘር ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አርሊስ ሚስቱ ናት። ትዳራቸው ካረጀ በኋላ ነው ተራራ የለመዱት፤ በየዓመቱ ያው ሳምንት፣ ያው ክፍል። ድዋይት በመጀመሪያው ዓመት ወድቆ ጣሳውን አይቷል። ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም፤ ለዚህም ከዘር ሽያጩ ይልቅ ይኮራበታል። ዘንድሮ የመጡት ከሰው እጅ በገዙት ከባድ መኪና ነው።

ሳምንታቸው ሊያልቅ ሲል አንድ ማታ ከጥዱ ጫካ ሲመለሱ ሎሪን ጎንበስ ብላ ቀና አለች። "አለፍክ" አለችው። ድዋይት ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳ። እሷም ወደሚቀጥለው መኪና ሄደች።

ጠዋት አርሊስ ቡና ልትቀዳ ወደ ቢሮው ገባች። ድዋይት ውጭ የመኪናውን መስታወት እየወለወለ ነበር። አርሊስ አንድ ጣፋጭ ዳቦ አንስታ፣ ባንኮኒውን ተደግፋ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈች እየሳቀች ታወራላት ጀመር። መኪናው መስኮታቸው ሥር ነው የቆመው፤ እዚያ ጋ የሆነ ነገር ይከረፋል። ለባሏ ብትነግረው አልሰማ አላት።

"ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሎሪን ያሳለፈችውን አንቺ ልትጥዪው ነው? አፍንጫሽ ከተጋባን ቀን ጀምሮ ሲነጫነጭ ነው የኖረው አለኝ። መስኮቱን ዘግቼ ተኛሁ።" ዳቦዋን ቡናው ውስጥ ነከረች። "ዛሬ በገደሉ በኩል ነን። ለመጨረሻ ያስቀመጥናት እሷን ነው።"

ሎሪን ቡና እየቀዳች ነበር። ሲኒውን ሳታፈስ እስከ አፉ ሞላችው። ማንቆርቆሪያውን ቦታው መለሰችና ነገሩን በተራ በተራ አሰበችው። መኪናው አድሮ ቀዝቅዟል፤ አሁን ጤነኛ አፍንጫም ቢቀርብ አይሸተውም። ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ከላይ ሆነው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። ዛሬ ገደሉ ላይ በረዶ ይጥላል፣ በሐይቆቹ በኩል ሂዱ ልትላቸው ትችላለች። አርሊስ ታምናታለች። ነገ ደግሞ ለሌላ እንግዳ ሌላ ማለት ሊኖርባት ነው። ከነገ ወዲያም ሌላ። ያስቆማት ደግነት አይደለም፤ ያን ሁሉ መፈልሰፉ ደከማት።

"አርሊስ፣ እኔ አይሸተኝም" አለች።

"እሱም ያለኝ እኮ ይሄንኑ ነው። ሎሪንን ካልሸተታት—"

"አይ። ምንም አይሸተኝም። ይሄ ቡና አይሸተኝም። ከየካቲት ጀምሮ።"

አርሊስ ሲኒውን አየች፣ ሎሪንን አየች። "ታዲያ ማታ?"

"ጎንበስ ብዬ ቀና አልኩ።"

አርሊስ ዳቦዋን አስቀምጣ ወጣች። ሎሪን በመስኮቱ አየቻቸው፤ አርሊስ እያወራች፣ ድዋይት ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ። ከዚያ ድዋይት መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

"ሌሎቹስ?" አላት።

"ሁሉንም አሳልፌአለሁ።"

"ስለዚህ እኔ አላለፍኩም ማለት ነው።"

"አላውቅም፣ ድዋይት።"

ፊቱ ቀላ። ለመቆጣት አፉን ከፈተና የትኛውን አስቀድሞ እንደሚቆጣ ያጣው መሰለ። ሎሪን ስድቡን ቆማ ጠበቀች፤ ሳይመጣ ሲቀር፣ ያለ አፍንጫም ማወቂያ መንገድ አለ አለችው። ሜዳው ላይ እስካለው ድልድይ ድረስ ይንዳ። ፍሬን አይንካ። ሲመለስም ከቢሮው በፊት እግሩን ከነዳጁ ያንሳና መኪናው በራሱ ጊዜ ይቁም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍሬን ካልተረገጠ፣ ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት፣ ዲስኩ፣ የሚግልበት ምክንያት የለውም። ማንም ሳይነካው የጋለ ካለ፣ ጥፋቱ የእግር አይደለም።

ነድቶ ተመለሰ። ሎሪን አበባ የምታጠጣበትን ጣሳ ይዛ ወጣች። በቸርኬው ክፍተት አሾልካ የፊቱ ግራ ዲስክ ላይ ጥቂት ውኃ አንጠባጠበች። ውኃው ፈሰሰ፣ ሌላ ነገር የለም። ወደ ኋላ ሄደች። ዝም። ዞራ በሌላው በኩል ከኋላ ጀመረች። ዝም። ሦስቱም አሁን የፊቱ ቀኝ ጎማ አጠገብ ቆመው ነበር። ውኃው ብረቱን ሲነካ ቺስ አለ፤ መሬት ሳይደርስ ጠፋ።

"ይሄ በኔ መስኮት በኩል ያለው ጎማ ነው" አለች አርሊስ።

መካኒኩ ሮይስ ጎትቶ ወሰደው። ጎማውን ሲፈታ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ብረት ዝጎ ተጣብቆ አገኘው። ድዋይት እግሩን ቢያነሳም ብረቱ አልለቀቀም፤ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ሲይዝ ነው የዋለው። ከሸራው የቀረው ስስ ነበር። ሮይስ በገደሉ በኩል ልትወርዱ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ ሲነግሩት እጁን በጨርቅ ጠረገ። ዕቃው ከከተማ እስኪመጣ መቆየት ግድ ሆነ።

የዚያን ቀን ድዋይት ከክፍሉ ፊት ወንበር አውጥቶ ተራራውን ሲያይ ዋለ። ሎሪን በአጠገቡ ፎጣ ተሸክማ ስታልፍ ዓይኑን ከተራራው አላነሳም። አርሊስ፣ እያሰበ ነው፣ እሱ ሲያስብ ጊዜ ይወስድበታል አለቻት። እሷ ራሷ ተቀይማ እንደሆነም አልተናገረችም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ቢሮ ገብታ አንሶላውን አብራት አጣጠፈች። ጫፍ ለጫፍ ይዘው እየተቀራረቡ፣ እየተራራቁ።

አንሶላው ሲያልቅ ሎሪን፣ "አንድ ነገር ታሸቺልኛለሽ?" አለቻት።

ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ አሳየቻት። አርሊስ የማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ኮሌታውን በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ቆየች። ብብቱንም አሸተተች፣ ኪሶቹንም። ሎሪን እጆቿን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ጠበቀች።

አርሊስ ዘወር አለች። ደስ የሚል ነገር ልትላት እንደምትችል ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ትምባሆ፣ ሳሙና፣ ሊሆን የሚችል ነገር ሁሉ።

"አቧራ" አለች። "ትንሽ ደግሞ የእንጨት፣ የበሩ መሰለኝ። ሌላ የለም፣ ሎሪን።"

"ክሊት የለም?"

"የለም።"

ሎሪን ራሷን ነቀነቀች። ይህን ሁሉ ወር እሷ ብቻ ያጣችው የመሰላት ነገር ለካ ለማንም የለም። የሆነ ነገር እንዲሰማት ጠበቀች። አልመጣም። ቆይታ ካፖርቱን አወረደችና ከአንሶላዎቹ ጋር አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ማንጠልጠያው ባዶ ሆነ። የውኃውን ጣሳ ሰቀለችበት።

ሊመሽ ሲል እንግዶቹ ከተራራው ተመለሱ። ሎሪን ከአንደኛው በር ጀምራ ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ተናገረች፦ አፍንጫዬ ሞቷል፣ እስከዛሬ ያለፋችሁት ሁሉ አላለፋችሁም፣ አሁን በውኃ ነው። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት ልጆቿን አየት አደረገችና ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሎሪን ጣሳዋን አንስታ ቀጠለች። ከመኪናው የወረደ አንድ የካንሳስ ጎልማሳ ውኃውን ሲያይ፣ "እማማ፣ ክርስትና ልታነሺው ነው?" አላት።

"ዝም በልና ስማ" አለ ድዋይት ከወንበሩ። ከጠዋት ወዲህ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ውኃው ጠብ ሲል ቺስ አለ። በሌላው ጎማም ቺስ አለ፣ ከኋላም። ሎሪን ቀና አለች።

"ወደቅክ" አለችው። "ና ግባ።"

ድዋይት ሳይጠየቅ ተነሣ። ጓዳ ገብቶ የመተኮሻውን ጠረጴዛ አወጣ፣ ባንኮኒው ላይ አጋደመው፣ እንዳይንሸራተት በጉልበቱ ደገፈው። ሎሪን የቲማቲሙን ጣሳ ጫፉ ላይ አድርጋ ሰውየው አጠገቧ እስኪቆም ጠበቀች። ከዚያ ለቀቀችው።