ሐጂ የሸፈኑልኝ ቃል

ማክሰኞ፣ ንጋት፣ ጎንደር

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። መኪናዋ ሰሊጥ ለመጫን ባዶዋን ወደ ቆላ የምትወርድ አሮጌ ኤንትሬ ናት። ጋቢናው ውስጥ ሦስት ነን፤ ሾፌሩ አበጀ፣ እኔ፣ ከበለሳ በእግሯ የመጣች ያልጋነሽ የምትባል ሴት። ኪሴ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የቀበሌ መሸኛ ነው፤ ያለሱ የአዘዞን ኬላ አያሳልፉም። ሁለተኛው ሦስት ቀን የደከምኩበት ንግግር ነው።

የታሪክ መምህር ነኝ። «መተማ ላይ ከሱዳን ሽማግሌዎች ጋር እርቅ አለ፤ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ታሪክ መግቢያ ታሰማለህ» ተብዬ ከአውራጃው ታዘዝኩ። ንግግሩ ስንት ደቂቃ መሆን እንዳለበት ጠየቅሁ። እርቁ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

የማን እንደሆነ የነገረችኝ ያልጋነሽ ናት። ደሴ የሚባለው ባሏ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነበር። ማዶ ሱዳን የተሻለ ይከፍላሉ ሲሉት ወደ ገላባት ተሻገረ። እዚያ በውሃ ወረፋ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ የሰውየውን ክንድ ሰበረ፤ ፖሊስ ያዘው። ካሳው በሽማግሌ አልቋል። የቀረው የተጎጂው አጎት ሼህ ሐሚድ በጉባኤ ፊት ይቅር ማለታቸው ብቻ ነው። ይቅር ካሉ ደሴ ያንኑ ቀን ይፈታል። ካላሉ ሐሙስ ጠዋት በሎሪ ተጭኖ ገዳሪፍ እስር ቤት ይወርዳል።

«የሚናገሩልን እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለች።

«እኔ ስለ ታሪኩ ነው የምናገረው።»

«እሱም ቢሆን። እግዜር አፍዎን ይባርከው።»

አበጀ መሪውን እያዞረ ሳቀ። «አይዞሽ እቴ፤ የተማረ ይግደለኝ ነው የሚባል።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ረፋድ፣ ከአይከል ቁልቁል

አይከል ላይ ሻይና ደረቅ ዳቦ ቀመስን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይወድቃል። ጠጠር፣ አቧራ፣ ገደል፣ ሽመል፤ በየኩርባው ጥግ በጦርነቱ ዓመታት የተቃጠለ የመኪና አጽም። መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ኮቴን፤ ሸዲ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። በመንገዱ ዳርና ዳር ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ የመጡ አጫጆች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይሄዳሉ። ያልጋነሽ እያንዳንዱን ፊት ታያለች። ባሏ የት እንዳለ እያወቀች ለምን እንደምታይ ልጠይቃት አስቤ ተውኩት።

የሸዲ ኬላ ወታደር መሸኛዬን አይቶ ሲያበቃ ንግግሬንም አነበበው። «ጠንከር ያለ ነው፤ ጥሩ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሻችሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ መተማ

መተማ የቆርቆሮና የሣር ቤት ናት። በእሷና በገላባት መሀል ያለው ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው፤ ኮር ይሉታል። በበጋ ፍየል ሣታስበው ትሻገረዋለች። ሁለቱን አገር የሚለየው ይሄ ነው ሲሉኝ ለአንድ ማሳ የሚበቃ አጥር እንኳ አልመሰለኝም።

ያሳደሩኝ የእርቁ አስተርጓሚ ሐጂ ኢድሪስ ናቸው። የመተማ ነጋዴ ናቸው፤ እናታቸው የገላባት ሰው ነበሩ። የማሽላ እንጀራ በደረቅ ባሚያ ወጥ አቀረቡልኝና ቀዝቃዛ ከርከዴ እየቀዱ «እስቲ ንግግሩን ያሰሙኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። ድርቡሽ ጎንደርን ማቃጠሉ ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ይችን ይዝለሏት መምህር። የጎንደሩን እሳት ይናገሩ፤ ስሙን ይተዉት። የነሱ ስም አንሷር ነው። ድርቡሽ መባልን ያኔም አልወደዱት፣ ዛሬም አይወዱት።»

«ሐጂ፣ ታሪክ እኮ አይዘለልም።»

ብርጭቆዬን ሞሉት። «ተማም፣ እሺ። ወረቀቱ የርስዎ ነው፣ ምላሱ የኔ» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጠዋት፣ ኮሩ ዳር

ጉባኤው ከትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ነው። በእኛ በኩል የአውራጃው ካድሬ፣ ሐጂ፣ እኔና የመተማ ሽማግሌዎች። በነሱ በኩል ሼህ ሐሚድ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ትልቅ ጥምጥም ጠምጥመው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ከኋላቸው አሥር የሚሆኑ ወንድ ዘመዶቻቸው ተደርድረዋል፤ አንዱ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

ከኮሩ ማዶ ደሴ በሁለት ፖሊሶች መሀል ተቀምጧል። ያልጋነሽ ከእኛ ኋላ ሆና አየችው። ጭኗ ላይ ትንሽ ጨርቅ ቋጥራለች፤ ሲፈታ የሚለብሰው ሸሚዝ ነው።

ተነሥቼ ንግግሬን ጀመርኩ። እኔ አንድ አረፍተ ነገር፣ ሐጂ አንድ አረፍተ ነገር። ጎረቤትነት፣ ገበያ፣ ጋብቻ አልኩ። ሼህ ሐሚድ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ንጉሡ እዚሁ መተማ ላይ ወደወደቁበት ጦርነት ገባሁ፤ «ድርቡሽ» አልኩ። ሐጂ ሲተረጉሙ ጆሮዬ «አንሷር» የሚል ያዘ። ደገምኩት። ሐጂም ደገሙት። ሼህ ሐሚድ አሁንም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ማስታወሻ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት የተማሪ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጣቴን አነሣሁ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያልኩት ድርቡሽ ነው። እንዳልኩት ይተርጉሙልኝ።»

ሐጂ አዩኝ። አልተረጎሙም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«መተርጎም አያሻም፣ ኡስታዝ» አሉ ሼህ ሐሚድ፤ በአማርኛ፣ ከኔ ባልተናነሰ አማርኛ። «ያደግሁት በእናንተ ገበያ ነው። መጀመሪያም ስትለው ሰምቻለሁ። ሐጂ ሸፈነው፤ እኔም የተሸፈነውን አላየሁም ብዬ ተቀመጥሁ። አሁን ገለጥከው። እኒህ የወንድሞቼ ልጆች ሁሉ ሰሙ። እንግዲህ ለሰደበኝ ይቅር ብዬ ብነሣ ምን ይሉኛል?»

«ስድብ አይደለም፤ የታሪክ ስም ነው» አልኩ።

«ታሪክ ካልክ ልጠይቅህ። የጎንደርን እሳት ታስተምራለህ። ከሱ በፊት የናንተ ጦር መጥቶ ይቺን የኛን ገበያ ሲያቃጥልስ? እሱንም ታስተምራለህ?»

አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። መጽሐፉ ላይ አንዲት መስመር ናት፤ ፈተና ላይ ስለማትመጣ በየዓመቱ አልፋታለሁ። ታሪክ አይዘለልም ያልኩት ሰውዬ ማለት እኔ ነኝ።

«አያቴ እዚች መሬት ላይ ሞቷል» አሉ። «ንጉሣችሁም እዚሁ ሞተዋል። ሁለቱንም ይዘህ ብትመጣ ቁጭ ብዬ እሰማህ ነበር።»

በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ዘመዶቻቸውም ተነሡ። ማዶ ፖሊሶቹ ደሴን ክንዱን ይዘው አስነሡት። እሱ ምን እንደተባለ አልሰማም፤ መነሣታቸውን አይቶ የተፈታ መስሎት ወደ ያልጋነሽ እጁን አወዛወዘ።

ካድሬው ጨበጠኝ። «አኩሪ ንግግር ነው ጓድ መምህር። ለትምህርት ቤትህ የምስጋና ደብዳቤ እጽፋለሁ» አለኝ። ደብዳቤው በኋላ እውነትም መጥቷል፤ ማኅተም አለው።

ከሰዓት በኋላ ሐጂን ለመንኳቸው። ሼሁ ዘንድ ይውሰዱኝ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አልኩ።

«ሰው ፊት የተባለ ሰው ፊት ነው የሚነሣው» አሉ። «ሰዉ ደግሞ ተበትኗል። ትናንት ያልኩት ተሰምቶ ቢሆን…» ብለው ሳይጨርሱ ወደ ሱቃቸው ገቡ። ማታ እራት በልጃቸው እጅ ላኩልኝ፤ አብረውኝ አልበሉም።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ሎሪው ከገላባት ሲነሣ አቧራው እስከ እኛ ድረስ ተሻገረ። ያልጋነሽ አቧራው እስኪወርድ ኮሩ ዳር ቆማ ጠበቀች። ሲወርድ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጨርቋን አንሥታ መጥታ ጋቢና ገባች።

ኤንትሬዋ ሰሊጥ ስለጫነች ዳገቱን ታቃስታለች። አበጀ ስለ ጎማ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ፍሬን አወራ። ያቺን ተረቱን አልደገማትም።

አይከልን ስናልፍ ያልጋነሽ ወደኔ ዘወር አለች። «ያቺ ቃል ስድብ መሆኗን አያውቁም ነበር?»

«መጽሐፍ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈችው።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች። «ልጄ ሲያስቸግረኝ ግን ድርቡሽ እለዋለሁ። ድርቡሽ ስለው ያለቅሳል።»

አፍሬ መንገድ መንገዱን አየሁ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ፣ አዘዞ

ኬላው ጋ ወረደች። ከዚህ ወዲያ በለሳ የእግር መንገድ ነው። ትሄዳለች ስል ተመልሳ በጋቢናው በር በኩል ቆመች።

«ወረቀት ይኖርዎታል?»

ያለኝ ንግግሬ ብቻ ነበር። ጀርባውን አዞርኩት፤ ባዶ ነው።

«ለሼህ ሐሚድ ይጻፉልኝ። እኔ የምለውን።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። እንዲህ አለች፦ «እኔ የደሴ ሚስት ነኝ። ባሌ የወንድምዎን ልጅ ክንድ ሰብሯል፤ አጥፍቷል። እኔና ሁለት ልጆቼ የምናድረው ደግሞ በሱ ክንድ ነው። ለኛ ገና ባይሆን ለርስዎ ጾም ፍቺ ይማሩልኝ። እኔ እርስዎን የምጠራበት ስም አባቴ የሚል ነው።»

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ስለ ገበያው እሳት አንድ ነገር ልጨምር፣ በስሜ ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር።

«ምን ሊጨምሩ ነው?» አለች።

«ምንም።»

«ምንም አይጨምሩ። ሐጂ ያንብቡላቸው። የሚለወጥ ካለም ሐጂ እንደፈለጉ ይለውጡት።»

የጻፍኩትን አስነበበችኝ። ሁለቴ ካዳመጠች በኋላ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። በሚቀጥለው ሳምንት መተማ የምወርድበት ጉዳይ አለኝ፣ ራሴ አደርሰዋለሁ አልኳት። የዋሸሁት ጉዳዩን ነው፤ ለደብዳቤው ብዬ ግን እወርድ ነበር።

በፊቴ እጇን አሳልፋ ወረቀቱን ለአበጀ ሰጠችው።